አክተሩ ሲሞት ፊልሙ አላለቀም

(በፊልም ወዳጆች ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን አመሻችሁ! የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በዚህ ዝናብና በዚህ የታክሲ ሰልፍ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ አፍራችሁ አትቁሙ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ጠይቄ አላስነሣችሁም።

አዘጋጆቹ «ዓመቱን ሙሉ ስታይ የከረምከውን ንገረን» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ እሑድ እሑድ ማታ፣ የምሥራቅ እስያ ፊልም ብቻ ላይ ብዬ ወሰንኩ። የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የቻይና፣ የሆንግ ኮንግ፣ የታይዋን። ፍላሼን ይዤ ፊልም ወደሚያስጭኑኝ ልጆች ስሄድ «ጋሼ፣ የኮሪያ ድራማ ነው?» ይሉኛል። «አይ፣ የ1953 የጃፓን ጥቁርና ነጭ ፊልም» ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

እስኪ ቪዲዮ ቤት ያደገ እጁን ያውጣ! አያችሁ? ግማሹ አዳራሽ! አግዳሚው፣ በብርድ ልብስ የተጋረደው መስኮት፣ በሩ ላይ ሳንቲም የሚቀበለው ጎረምሳ ትዝ ይላችኋል? እኛ ሰፈር ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ሆንግ ኮንግ የሚባል ልዩነት አልነበረም፤ ሁሉም «የቻይና ካራቴ» ነበር። ሕጉም አንድ ነበር፦ አክተሩ አይሞትም። አክተሩ ከሞተ ፊልሙ አልቋል፤ ተነሥተህ ትወጣለህ። ብሩስ ሊ እኛ ሳንወለድ በ1973፣ በ32 ዓመቱ ሞቷል ተብለን ያመንን ልጆች አልነበርንም። «ትናንት አየሁት እኮ!» ነበር መልሳችን።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ሕግ ልናገር ነው። ዘንድሮ ልቤን የያዙት ፊልሞች ሁሉ ይህን ሕግ የሚያፈርሱ ሆነው አገኘኋቸው። አክተሩን መሃል ላይ ይገድሉታል። ትልቁን ነገር፣ እኛ ዓይናችንን አፍጥጠን የምንጠብቀውን ነገር፣ አያሳዩንም። ይዘሉታል! ከዘለሉት በኋላ ግን እንቅልፍ የሚነሣን እሱ ይሆናል። እንዴት ነው ይህን የሚሠሩት? ዓመቱን ሙሉ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

ሦስት ነጥብ ይዣለሁ። አንደኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ሁለተኛው እንደኔ መሥሪያ ቤት ለምትውሉ ነው። ሦስተኛው አያት ላሳደገው ነው። በየመካከሉ ከመንገድ እወጣለሁ፤ ታገሡኝ። ዓመት የምጠራው ደግሞ ሁሉንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ አንደኛ።

ካየሃቸው ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሳላመነታ «ቶኪዮ ስቶሪ» እላለሁ። አዘጋጁ ያሱጂሮ ኦዙ ይባላል፤ ትዳር ሳይዝ ከእናቱ ጋር የኖረ፣ በ1963 ልክ 60 ዓመት በሞላበት ቀን የሞተ ሰው ነው። ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ልንገራችሁ። ኦኖሚቺ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የሚኖሩ አረጋውያን ባልና ሚስት ቶኪዮ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸዋል። አረጋውያኑ ይመለሳሉ። እናትየው ትሞታለች። አለቀ! ለዚህች ነው ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚፈጀው። ካሜራው ምንጣፍ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጣል፤ ወዲያ ወዲህ አይልም።

ይህን ፊልም ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ የግርጌውን ጽሑፍ አታነብም፤ እኔ እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ። ገና ሲጀምር ባልና ሚስቱ ሻንጣ እያሰናዱ ነው። ባልየው በአፍ የሚነፋውን ትራስ አጥቶ ይፈልጋል። ሚስቱን፣ አንቺ ጋ ነው ይላታል። እሷ፣ ሰጥቼሃለሁ ትለዋለች። የለም፣ አልሰጠሽኝም። በኋላ ከገዛ ሻንጣው ውስጥ ያወጣዋል። እናቴ ሳቋ አላቆም አለ። «አባትህ! አባትህን ቁጭ!» አለች። ይኸውላችሁ፣ ጃፓን በአንድ ትራስ ቤታችን ገባች።

ቶኪዮ ሲደርሱስ? ትልቋ ልጃቸው ሺጌ ጸጉር ቤት አላት። ባሏ ለአማቶቹ ኬክ ገዝቶ ሲመጣ፣ እንዲህ ያለ ውድ ነገር ምን ያደርግላቸዋል ብላ ትቆጣዋለች። አንዲት ደንበኛዋ «እነማን ናቸው?» ስትላት፣ ከገጠር የመጡ የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው ብላ ትመልሳለች። እናትና አባቷን! እናቴ እዚህ ላይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «እቴ! ምን ያለችዋ ናት?» አለች። ከዚያ ወዲያ ሺጌ ብቅ ባለች ቁጥር ስሟን አልጠራችም፤ «ያቺ» ብቻ ነበር።

የምታስተናግዳቸው ደግሞ ማን መሰለቻችሁ? ልጃቸው በጦርነቱ የሞተባት ምራታቸው፣ ኖሪኮ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው። ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ከተማውን ታስጎበኛቸዋለች፤ አባትየው እንዲጠጡ ሳኬውን፣ ያንን የሩዝ መጠጣቸውን፣ ከጎረቤት ለምና ታመጣለች። የወለዷቸው ልጆች ኬክ ሲቆጥሩ ባዳዋ ትበደራለች። ይህን ለመረዳት ጃፓናዊ መሆን ያስፈልጋል?

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። እናትየው ከመንገድ ሲመለሱ ይታመማሉ፤ ለልጆቹ በቴሌግራም ይነገራል። ተሰብስበው ይመጣሉ። ሐኪሙ እስኪነጋ መቆየታቸውን ይጠራጠራል። እኛ እንጠብቃለን። የመጨረሻዋን ቃል፣ የልጆቹን ጸጸት፣ ጩኸቱን እንጠብቃለን። ኦዙ ምን ያደርጋል? ቆርጦ ማለዳውን ያሳየናል። የወደቡን ዳር፣ ባዶውን መንገድ። ወደ ቤት ሲመለስ የእናትየው ፊት በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሞቱን ዘለለው!

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ሞቱ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ እማዬ።» «መቼ?» «አሁን።» «የታለ ለቅሶው?» እንዴት ብዬ ላስረዳት? የታለ ድንኳኑ፣ የታለ ደረት መምታቱ፣ የታለ እድሩ? በዚህ መካከል አባትየው ወደ ደጅ ወጥቶ ቆሟል። ምራቱ ልትጠራው ስትመጣ ምን ይላታል? ንጋቱ ያማረ ነበር፣ ዛሬም ቀኑ ሊሞቅ ነው ይላታል። ዕድሜ ልኩን አብራው የኖረችው ሴት ሞታ ስለ ፀሐይ ያወራል! እናቴ ቴሌቪዥኑን እያየች ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ይሄ ሰውዬ አይከርምም» አለች። ፊልሙ አላላትም ይህን። ማንም አላላትም። ራሷ አየችው።

እኔ ድራማችንን አልንቅም፤ አያለሁ፣ እወዳለሁም። ግን እውነት እንነጋገር። እኛ ብንሠራው ሞቱ ላይ ሙዚቃው አሥር ደቂቃ አይጮህም? ሺጌ አልጋው ሥር ተደፍታ ይቅርታ አትጠይቅም? በኦዙ ፊልም ሺጌ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ? ከቀብሩ በኋላ ማዕድ ላይ ቁጭ ብላ፣ የእናቷን ልብስ ለማስታወሻ ልውሰድ ትላለች። ደግሞ ስታለቅስ አይተናታል፤ እንባዋ የውሸት አይደለም። ሁለቱም እሷ ናት። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንዲህ ያለ ዘመድ ያላየ አለ? እኔ አንድ ሁለት አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም፤ እዚህም ሊኖሩ ይችላሉ።

ሌላም ልጨምር። አባትየውን የተጫወተው ቺሹ ርዩ ፊልሙ ሲሠራ 50 ዓመት አልሞላውም ነበር። ወደ 70 የተጠጋ ሽማግሌ ሆኖ ነው የምታዩት። አቀማመጡና ቀስ ያለ ንግግሩ ሽማግሌ ያደርጉታል።

በዚሁ ነጥብ ላይ ሳለሁ፣ የሆንግ ኮንጉን ዎንግ ካር ዋይን ካላነሣሁ ይህች ከፊት የተቀመጠችው እህቴ አትለቀኝም። «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ»፣ 2000። ጊዜው 1962 ነው። አንድ ባለትዳር ወንድና አንዲት ባለትዳር ሴት ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተው በአንድ ቀን ይገባሉ። የእሱ ሚስትና የእሷ ባል ይወዳጃሉ። እንዴት አወቁ? እሱ፣ የእጅ ቦርሳሽን የት ገዛሽው፣ ለሚስቴ ፈልጌ ነው ይላታል። ሚስቱ ያው ቦርሳ አላት! እሷም፣ ባሌ ያንተን የመሰለ ክራቫት አለው ትለዋለች። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። አሁን ልብ በሉ፦ ከዳተኞቹን፣ የእሱን ሚስትና የእሷን ባል፣ ፊታቸውን አናይም። ጀርባቸውን፣ ድምፃቸውን ብቻ። የተበደሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው ፊት ያላቸው። ወንዱን የተጫወተው ቶኒ ልዩንግ በዚህ ፊልም በካን ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነትን ሽልማት ወስዷል፤ ሴቲቱን የምትጫወተው ማጊ ቼውንግ ደግሞ ከ20 በላይ ቀሚስ ትቀያይራለች። ጓደኞቼ የሚያወሩት ስለ ቀሚሱ ነው፤ እኔ ግን የኑድል ምሳ ዕቃዋን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ፣ ያንን ጠባብ ደረጃ፣ ሰው ላለመንካት ትከሻዋን የምታዞርበትን ነው የማልረሳው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ያንን ትከሻ ያውቀዋል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የመንግሥት ሠራተኞች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ!

የእኔ እንጀራ መዝገብ ቤት ነው። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። «ነገ ተመለሱ» የሚለውን ቃል ብዬዋለሁ፣ ተብዬውማለሁ። ስለዚህ የአኪራ ኩሮሳዋን «ኢኪሩ» ሳይ ከወንበሬ መነሣት ነው ያቃተኝ። 1952 ነው የተሠራው። ዋታናቤ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ አለ፤ ወደ 30 ዓመት ገደማ ማኅተም ሲመታ የኖረ። ፊልሙ የሚከፈተው በሰውየው የጨጓራ ራጅ ነው። ካንሰር አለበት፤ እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም።

ሐኪሙ አይነግረውም! ቀላል ቁስለት ነው ይለዋል። የዚያን ጊዜ ጃፓን ልማዱ እንደዚያ ነበር። እናንተስ? በሽተኛው እንዳይሰማ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያላንሾካሾከ ቤተሰብ እዚህ አለ? «እንዳትነግሩት፣ ይሰበራል» ያላልነው ማነን? እኛ ቤት አጎቴን እንዲህ አድርገን ነው የሸኘነው። አጎቴ ያውቅ ነበር፤ እንደማያውቅ ሆኖ ያጽናናን የነበረውም እሱ ነው። ዋታናቤም ያውቃል፤ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ለፍላፊ ሰውዬ፣ ካንሰር ከሆነ ሐኪሞቹ ምን እንደሚሉ አስቀድሞ ዘርዝሮ ነግሮት ኖሯል። ሐኪሙ ያንኑ ሲደግምለት የሽሙራን ፊት እዩልኝ! ታካሺ ሽሙራ ነው የተጫወተው፤ በዓይኑ ብቻ ፊልም መሸከም የሚችል ሰው።

የሰፈር ሴቶች አሉ። ልጆቻቸውን የሚያሳምም የቆሻሻ ውኃ ተኝቶባቸዋል፤ እሱ ተደፍኖ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ይሠራልን ብለው ይመጣሉ። የዋታናቤ ክፍል ወደ ሥራዎች ክፍል ይልካቸዋል፤ ያ ወደ መናፈሻ፣ መናፈሻ ወደ ጤና፣ ጤና ወደ ጽዳት፤ እንዲህ እያሉ መስኮት ለመስኮት ዞረው፣ ዞረው፣ ዞረው እንደገና ዋታናቤ ክፍል! እኔ እዚህ ላይ ሳቄም እንባዬም ነው የመጣው። «ሲስተም የለም» ብቻ ነው የቀረው።

ዋታናቤ እንደሚሞት ሲያውቅ ያንን መጫወቻ ሊሠራ ይነሣል። ኮፍያውን አድርጎ ከቢሮ ይወጣል። አሁን ትግሉን ልናይ ነው ብለን እንጠጋለን። ከዚያ ተራኪው ምን ይላል? ከአምስት ወር በኋላ ባለታሪካችን ሞተ። ሞተ! ፊልሙ ገና ሲሶው ያህል ይቀረዋል! አክተሩ ሞቷል፣ የምንቀመጠው ለቅሶ ቤት ነው። ባልደረቦቹ እየጠጡ ስለ እሱ ይከራከራሉ። አንዱ፣ መጫወቻውን የሠራው የመናፈሻ ክፍል ነው ይላል፤ ሌላው ምክትል ከንቲባውን ያወድሳል። የሰፈሩ ሴቶች ገብተው ምንም ሳይናገሩ አልቅሰው ይወጣሉ። ያኔ ሁሉም ይሸማቀቃል፤ ያኔ ነው አንዱ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር እያስታወሰ ሰውየው ያደረገውን የሚገጣጥሙልን። በየቢሮው በር ላይ ወገቡ ጎብጦ እንዴት ይቆም እንደነበር። እንዴት እንደተሰደበ። በመጨረሻም ፖሊሱ መጥቶ፣ በበረዶው ሌሊት ዥዋዥዌው ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን አይቼው ነበር ይላል።

ሰክረው ይማማላሉ፦ ከነገ ጀምሮ እንደ ዋታናቤ እንሠራለን! በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ አዲሱ ኃላፊ አንድ አቤቱታ ወደ ሌላ ክፍል ሲመራ፣ አንደኛው ሠራተኛ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ሁሉም ያየዋል። ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ከወረቀቱ ክምር በስተኋላ ፊቱ ይጠፋል። ይህን ያየሁት እሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት የእኔን የወረቀት ክምር ሳየው ቁመቱ ልክ ያው ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ አለቃዬም እዚህ ናቸው መሰለኝ።

ሦስተኛው። ስለ ኮሪያ።

መጀመሪያ ከመንገድ ልውጣ። ኮሪያ ለእኛ ከድራማ በፊት ቃኘው ናት። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ጦር ፑሳን ወደብ ሲወርድ ከእኛ ሰፈር የሄዱ አንድ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ልጆች ሆነን «አባባ፣ ካራቴ አዩ ወይ?» ስንላቸው «ብርድ አየሁ» ይሉን ነበር። ሌላ አይሉም። ዘንድሮ «ኦድ ቱ ማይ ፋዘር» የሚለውን የ2014 ፊልም ሳይ፣ በ1950 ታኅሣሥ ሕዝቡ ከሁንግናም ወደብ በመርከብ ሲሸሽ፣ አንድ ልጅ ታናሽ እህቱን ከጀርባው ላይ ሲያጣት፣ እኚያ ሽማግሌ ለምን ሌላ እንደማይሉ ገባኝ። ፊልሙ ራሱ ትንሽ እንባ ያበዛል፤ ይቅር ብዬዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። «ዘ ዌይ ሆም»፣ 2002፣ አዘጋጇ ሊ ጆንግ ህያንግ። የሴኡል ልጅ፣ ሰባት ዓመቱ፣ እናቱ ገጠር አያቱ ጋ ጥላው ትሄዳለች። አያትየው አይናገሩም። አንድም ቃል! ይቅርታ ለማለት ደረታቸው ላይ እጃቸውን ያዞራሉ፣ በቃ። የተጫወቱት ኪም ኡል ቡን የሚባሉ የዚያው ገጠር እናት ናቸው፤ ከዚያ በፊት ፊልም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም።

ልጁ ባለጌ ነው። ያንን ባለጌነት እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ክረምት ከአዲስ አበባ አያት ጋ ሲላክ፣ ሽንት ቤቱ አስቀያሚ ነው፣ ጭሱ አቃጠለኝ የሚለው ልጅ ነው። የጌም ባትሪ ሲያልቅበት የአያቱን የብር ጸጉር መያዣ ይሰርቃል። አንድ ቀን ምን ልሥራልህ ሲሉት ኬንታኪ ቺክን፣ ያንን የአሜሪካ ጥብስ ዶሮ፣ እፈልጋለሁ ይላል። አያት ኬንታኪን ከየት ያውቃሉ? ልጁ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ እንደ ዶሮ ይሆንላቸዋል። ገባቸው! በዝናብ ገበያ ወርደው ከነነፍሷ ዶሮ ይዘው ይመጣሉ፤ ቀቅለው ሙሉዋን ያቀርቡለታል። ልጁ «ይሄ ኬንታኪ አይደለም!» ብሎ ያለቅሳል። ሌሊት ግን ሲርበው ተነሥቶ ይበላታል። አያት ግን በዝናቡ ታመው ይተኛሉ።

የእህቴ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ይህን አብሮኝ እያየ «ለምን አይመቱትም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው! ፊልሙ ሙሉውን ቁጣ ያስጠብቃችኋል፤ ቁጣው አይመጣም። ምክርም አይመጣም፤ አያትየው መናገር አይችሉማ! ልጁ ሊሄድ ሲል ምን ያደርጋል? መርፌ በሙሉ ክር ያስገባላቸዋል፤ ዓይናቸው ደካማ ነው። መጻፍ ስለማይችሉ ደግሞ ፖስታ ካርድ ላይ ሥዕል ይሥላል፤ ይህን ስትልኪ ታመሻል ማለት ነው፣ ይህን ስትልኪ ናፍቄሻለሁ ማለት ነው። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ሰብሳቢያችን እጃቸውን እያሳዩኝ ነው። በፍጥነት። የቻይናው ጂያ ዣንግኬ «ስቲል ላይፍ»፣ 2006፣ በቬኒስ ወርቃማውን አንበሳ ያገኘ። የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ ሊያሰጥማት የተቃረበች ፈንግጂየ የምትባል ከተማ። አንድ የድንጋይ ከሰል ሠራተኛ ከ16 ዓመት በፊት ጥላው የሄደች ሚስቱን ሊፈልግ ይመጣል። አድራሻውን ለሞተረኛ ይሰጠዋል፤ ሞተረኛው ወስዶ ውኃውን ያሳየዋል። ሰፈሩ እዚያ ታች ነው! ውኃው የሚደርስበት ልክ በየግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ሰው እዚያው ሥር ምሳውን ይበላል። በቀለም ምልክት የተደረገበት ቤት ውስጥ ኖሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ፊልም ብቻውን ባያይ ይሻላል።

የኮሪያውን «ፓራሳይት»ን ሁላችሁም አይታችሁታል፤ በ2020 ኦስካርን ጠራርጎ ሲወስድ የእንግሊዝኛ ያልሆነ ፊልም የምርጥ ፊልምን ሽልማት ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ግሩም ነው። ለእኔ ግን ሽታው ላይ ነው ፊልሙ ያለው፤ ሀብታሙ ሰውዬ ስለ ሾፌሩ ሽታ የሚያወራው። ሽታ በካሜራ አይነሣም፣ እናንተ ግን ትሸቱታላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ደም ለእኔ ትርፍ ነው። ተቃውሞ እየሰማሁ ነው፤ እሺ፣ በጥያቄ ሰዓት ተጣሉኝ።

ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ ከ«ቶኪዮ ስቶሪ» አትጀምሩ፤ ሁለተኛው እሑድ ላይ ትተዉኛላችሁ። ካራቴ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ከኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ጀምሩ፣ 1954። 207 ደቂቃ ነው፤ ቡና አፍሉበት። የሳሙራዮቹ አለቃ ያ የማዘጋጃ ቤቱ ሽማግሌ ነው፣ ሽሙራ! ሰይፍ ይዞ ስታዩት ያው ሰው መሆኑን ማመን ያቅታችኋል። ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ፤ የተረፉትም፣ ያሸነፉት ገበሬዎቹ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም ብለው ይሄዳሉ። ቀጥሎ «ዘ ዌይ ሆም»ን ከልጆች ጋር። ከዚያ «ኢኪሩ»ን፣ ግን እሑድ ማታ አይሁን፤ ሰኞ ሥራ አለ።

ያ ከኋላ ያለው ልጅ ገና ስጀምር ነው እጁን ያወጣው። ገባኝ፣ ገባኝ፤ «ኦልድ ቦይን ለምን ዘለልከው?» ልትለኝ ነው፤ ያንን ደም የበዛበትን የኮሪያ ፊልም። ወንድሜ፣ ከእናቴ ጋር ነው የማየው አልኩህ እኮ! እሺ፣ ማይኩን ስጡት።